ወደ ቲዋና ሁለት ጊዜ ሄድኩ

ስለ ጉዞ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ ስለ ተራራና ስለ ባሕር፣ ስለ ታሪካዊ ቦታዎችም እናነባለን። እኔ ዛሬ የማወጋችሁ ግን ለሽርሽር ስላልሄድኩባት ከተማ ነው። ቲዋና ትባላለች። ከምንኖርበት ከሳንዲያጎ በስተ ደቡብ፣ ድንበሩን እንደ ተሻገራችሁ የምታገኟት የሜክሲኮ ከተማ ናት። የሄድኩትም ጨጓራዬን በቀዶ ሕክምና ለማሳነስ ነው። በመጀመሪያው ጉዞ ሳይሳካልኝ ተመለስኩ፤ ከሦስት ወር በኋላ እንደገና ሄድኩ። ልነግራችሁ የወደድኩት በሁለቱ ጉዞዎች መካከል የተማርኩትን ነው። ከመካከላችን ይህንኑ መንገድ በልባቸው የሚያስቡ፣ አንዳንዶችም ለማንም ሳይናገሩ ቲኬት የሚቆርጡ እህቶችና ወንድሞች እንዳሉ አውቃለሁና።

«ተመችቶሻል!»

በእኛ ዘንድ ሰው ሲወፍር «ተመችቶሻል» ይባላል። እኔም ወደ አሜሪካ ከመጣሁ ጀምሮ በየዓመቱ ሲመቸኝ ኖሬ በ44 ዓመቴ ክብደቴ 104 ኪሎ ደረሰ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ60 ነው። ሐኪሞች የሰውን ክብደት በኪሎ ወስደው፣ ቁመቱን በሜትር በራሱ አባዝተው ያካፍሉታል፤ የሚገኘውን ቁጥር ቢ ኤም አይ ይሉታል። የእኔ ከ40 በላይ ነበር። ስኳር በሽታ ከያዘኝ ስድስት ዓመት ሆኖኝ ነበር። ጉልበቴ ደረጃ መውጣት አቅቶታል። ሌሊት ትንፋሼ እየተቆራረጠ ባለቤቴ ሲቀሰቅሰኝ ያድራል።

የመጋቢ ሚስት ደግሞ የራሷ ፈተና አላት። ሰርግ፣ ምርቃት፣ አራስ ጥየቃ፣ ለቅሶ ቤት፣ በሄድንበት ሁሉ ገበታ ይቀርባል። «አልበላም» ማለት ባለቤቶቹን እንደ መናቅ ይቆጠራል። «በሞቴ!» ሲሉኝ እጎርሳለሁ፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው ቤት እንሄዳለን። በቅንነት «ጾሚበት፣ ይለቅሻል» ያሉኝም ነበሩ። ጾሜበታለሁ። ሦስት ጊዜ ከ10 ኪሎ በላይ ቀንሼ ሦስቱንም ጊዜ ከነወለዱ መልሻለሁ። በየጊዜውም «ራሷን መግዛት ያቃታት ሴት ሌሎችን ምን ብላ ታስተምራለች?» እያልኩ በስውር አለቅስ ነበር።

ነገሩን በሌላ ዓይን እንዳየው ያደረገችኝ የቤተሰባችን ሐኪም ናት። ክብደት ሲቀንስ ሰውነታችን ረሃብ የመጣበት ይመስለዋል አለችኝ። ስለዚህ ራሱን ይከላከላል። ግሬሊን የሚባለው የረሃብ ሆርሞን ይጨምራል፤ ሰውነት የሚያቃጥለው ኃይልም ይቀንሳል። ይህ የመብላት ልማዳችን ምንም ለውጥ አያመጣም ማለት አይደለም። ነገር ግን ብዙ የወፈረ ሰው ከገዛ ሰውነቱ ጋር እየታገለ እንደሆነ ማወቄ ከብዙ ኩነኔ አሳረፈኝ።

ሁለት አማራጭ አቀረበችልኝ። አንዱ በሳምንት አንድ ጊዜ የሚወሰዱት እንደ ሴማግሉታይድና ቲርዜፓታይድ ያሉ መርፌዎች ናቸው። ለብዙ ሰው ጠቅመዋል፤ ቀዶ ሕክምናን የምታስቡ ሁሉ አስቀድማችሁ ስለ እነርሱ ሐኪማችሁን ጠይቁ። እኔ አንዱን ጀምሬ ማቅለሽለሹ ስለበረታብኝ አቆምኩ፤ የቀነስኩትም ተመልሶ መጣ። ሁለተኛው ስሊቭ የሚባለው ቀዶ ሕክምና ነው። በሆድ ላይ በሚከፈቱ ትንንሽ ቀዳዳዎች በኩል በካሜራ እየታየ ከጨጓራው ሦስት አራተኛ የሚሆነው ወይም ከዚያ የሚበልጠው ተቆርጦ ይወጣል። የቀረው ቅርጹ ሙዝ ይመስላል። ግሬሊን በብዛት የሚመነጨው ከሚወጣው ክፍል ስለሆነ ረሃቡም ይቀንሳል። አንድ ጊዜ ከተቆረጠ ግን መመለሻ የለውም።

እ.ኤ.አ. በ1991 በአሜሪካ የወጣው መመሪያ ይህን ሕክምና ቢ ኤም አያቸው 40 ለደረሰ፣ ወይም 35 ሆኖ እንደ ስኳር ያለ በሽታ ላለባቸው ይፈቅድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 የዘርፉ ሐኪሞች ማኅበራት መመሪያውን አሻሽለው 35 ለደረሰ ሁሉ፣ ከ30 በላይ ሆነው የስኳር በሽታ ላለባቸውም ሊታሰብ ይገባል ብለዋል። እኔ በአሮጌውም በአዲሱም መለኪያ አልፋለሁ። ኢንሹራንሳችን ግን የክብደት ቀዶ ሕክምናን አይሸፍንም። ከኪሳችን እንድንከፍል የተጠየቅነው 19,000 ዶላር ነበር። ለመጋቢ ቤት ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። በቲዋና አንድ ሆስፒታል የጠየቀኝ ዋጋ ደግሞ የሁለት ሌሊት አልጋ፣ የአንድ ሌሊት ሆቴልና ከድንበር የሚቀበል መኪና ጨምሮ 5,200 ዶላር ሆነ።

የመጀመሪያው ጉዞ

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 ሄድኩ። የሚያውቀው ባለቤቴ ብቻ ነበር፤ እርሱንም አፉን አሲዤዋለሁ። ለቤተ ክርስቲያን እህቶች «ሎስ አንጀለስ ለአገልግሎት» አልኳቸው። አዲስ አበባ ላለችው እናቴም ስደውል ይህንኑ ነገርኳት። ለሐኪሜ እንኳ አልተናገርኩም፤ ትከለክለኛለች ብዬ ፈራሁ።

ከሳንዲያጎ መሐል ከተማ ሰማያዊ መስመር በሚባለው ባቡር ተሳፍራችሁ መጨረሻው ላይ ስትወርዱ ሳን ኢሲድሮ ትደርሳላችሁ። በዓለም ላይ ብዙ ሰው ከሚመላለስባቸው የየብስ ድንበሮች አንዱ ነው። ወደ ሜክሲኮ ለመግባት ጥቂት ደቂቃ ብቻ ፈጀብኝ። ፓስፖርቴን አሳየሁ፣ የሚሽከረከረውን የብረት በር ገፋሁ፣ በቃ፤ ሌላ አገር ነኝ። በሌላው አቅጣጫ፣ ወደ አሜሪካ የሚመለሰው ሰልፍ ግን ጫፉ አይታይም ነበር።

ቲዋና እ.ኤ.አ. በ1889 የተመሠረተች፣ ዛሬ ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ የሚኖርባት ከተማ ናት። በየኮረብታው ላይ ቤቶች ተደራርበው ይታያሉ። ሬቮሉሲዮን በሚባለው ጎዳና ላይ ጎብኚዎች ፎቶ እንዲነሡ እንደ ሜዳ አህያ ጥቁርና ነጭ የተቀቡ አህዮች ይቆማሉ። በዓለም የታወቀው የቄሳር ሰላጣም በዚሁ ጎዳና እ.ኤ.አ. በ1924 እንደ ተጀመረ ይነገራል። እኔን ያስገረመኝ ግን የሐኪም ቤቱ ብዛት ነው። የጥርስ ሐኪም፣ የዓይን ሐኪም፣ መድኃኒት ቤት፣ እንደገና የጥርስ ሐኪም! ማስታወቂያው ሁሉ በእንግሊዝኛ፣ ዋጋውም በዶላር ነው። የአሜሪካ ሕክምና ዋጋው ያልቻላቸው ሰዎች ሁሉ እዚህ ይመጣሉ። ሆስፒታሉ ባለበት ዞና ሪዮ በሚባለው ሰፈር በእንግዳ መቀበያው የተቀመጡት ሴቶች ከቴክሳስና ከአሪዞና የመጡ ነበሩ። አንዷ አስተማሪ፣ አንዷ የአውቶቡስ ሾፌር ናት። ሁላችንም እንደ ተማሪ ፋይላችንን ታቅፈን ተራ ጠበቅን።

ደም ተቀዳሁ፣ የልብ ምርመራ ተደረገልኝ። ከዚያ የማደንዘዣ ሐኪሟ ገባች። ጠና ያለች፣ ረጋ ብላ የምትናገር ሴት ናት። እግሬን ስትመረምር የግራ ባቴ ላይ ቆመች። ከቀኙ ትንሽ ወፈር ይላል፤ ቆዳውም ጠቁሯል።

«ደም ረግቶብሽ ያውቃል?» አለችኝ።

ይህ ጥያቄ በሞላሁት ቅጽ ላይ ነበረ፤ እኔም «የለም» ብዬ ምልክት አድርጌበታለሁ። እውነቱ ግን ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ በኋላ በዚያ እግሬ ደም ረግቶ ስድስት ወር መድኃኒት ወስጃለሁ። ብጽፈው አይቀበሉኝም ብዬ ነው የደበቅሁት። ሐኪሟ ፊት ተቀምጬ ሁለተኛ መዋሸት አቃተኝና ነገርኳት። አስከትላም ከቀዶ ሕክምናው በፊት የታዘዘልኝን የሁለት ሳምንት ምግብ ጠብቄ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አልጠበቅሁም፤ በመካከሉ ሰርግ ነበረብን። በመጨረሻም «አገርሽ ስትመለሺ የሚከታተልሽ ሐኪም ማን ነው?» አለችኝ። ማንም አልነበረም።

ብዕሯን አስቀመጠችና ነገ ቀዶ ሕክምና እንደማይደረግልኝ ነገረችኝ። አልተቆጣችኝም፤ አስረዳችኝ እንጂ። ከእንዲህ ዓይነት ቀዶ ሕክምና በኋላ ሰውን ከሚገድሉት ነገሮች አንዱ እግር ላይ የረጋ ደም ተነሥቶ ወደ ሳንባ መሄዱ ነው። አስቀድሞ ደም የረጋበት ሰው አደጋው ከሌላው ይበልጥበታል። ስለዚህ ወደ ቤቱ ከተመለሰም በኋላ ደም የሚያቀጥን መርፌ ለሳምንታት ሊያስፈልገው ይችላል፤ ያንንም የሚከታተል ሐኪም ሊኖረው ይገባል። የሁለት ሳምንቱ ምግብ ደግሞ ለመልክ የታዘዘ አይደለም። የወፈረ ሰው ጉበት በስብ ያብጣል፤ ጨጓራውን ይሸፍንና ቀዳጁ ሐኪም የሚቆርጠውን በደንብ እንዳያይ ያደርገዋል። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ስታርችና ስኳር ሲቀነስ ጉበቱ ይሟሽሻል።

ያስያዝኩትን ገንዘብ ለሌላ ቀጠሮ አቆዩልኝና ሾፌሩ ድንበር ላይ አወረደኝ። በልቤ በጣም ተቆጥቼ ነበር። ዛሬ ግን ለሚጠይቁኝ ሁሉ የምለው አንድ ነው። የገንዘባችሁን መምጣት እያየ «ዛሬ አይሆንም» ሊላችሁ የሚችል ሐኪም ካገኛችሁ ጥሩ ሐኪም አግኝታችኋል።

በድንበሩ ላይ የሰማሁት አማርኛ

ወደ ሰልፉ ስሄድ ሻንጣና ብርድ ልብስ የያዙ ስደተኞች ግድግዳ ጥግ ተቀምጠው ነበር። በዚያን ወቅት በድንበሩ ላይ ጥገኝነት የሚጠይቁ ሰዎች በስልክ መተግበሪያ ቀጠሮ መያዝ ነበረባቸው፤ ያ አሠራር እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ቀርቷል። ሄይቲያን እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በብዛት ወደዚህች ከተማ ስለመጡ ብዙዎቹ ሄይቲያውያን ይመስሉኝ ነበር። ድንገት ግን አማርኛ ሰማሁ።

«ኧረ በልቻለሁ እማዬ! ጠግቤያለሁ አልኩሽ እኮ» ይላል አንድ ወጣት በስልክ።

ከንፈሩ ደርቋል፤ ቀበቶው በሌላ ቀዳዳ ተበስቷል። ስልኩን ሲዘጋ ሰላም አልኩትና ጥግ ላይ ካለችው ሻጭ ቶርቲላ በሥጋ ገዛሁለት። ሦስቱን ሳይናገር በላ። ከብራዚል ተነሥቶ የፓናማን ጫካ በእግሩ አቋርጦ ነው የመጣው፤ ቀጠሮ ሲጠብቅ ሁለት ወር አልፎታል። «እርስዎስ እዚህ ምን ሊሠሩ መጡ?» አለኝ። ከአፌ የወጣው «ለሐኪም ነው» የሚለው ብቻ ነበር። እርሱም በእውነት አዝኖልኝ «አይዞዎት፣ እግዚአብሔር ይማርዎት» ብሎ ባረከኝ።

ያ ሰልፍ ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀ። የሚበላ አጥቶ ለእናቱ በልቻለሁ የሚል ልጅ አየሁ። እኔ ደግሞ የበላሁት በዝቶብኝ ሆዴን ላስቆርጥ መጥቼ እናቴን አገልግሎት ላይ ነኝ ብያታለሁ። የእርሱ ውሸት ለእናቱ ከማዘን የመጣ ነው። የእኔ ግን ለስሜ ከመጨነቅ ነበር። ያውም ሊገድለኝ ይችል የነበረ ውሸት ነው። እዚያው ሰልፍ ላይ ቆሜ ንስሐ ገባሁ፤ ስመለስም መናገር ጀመርኩ።

ሦስቱ ወራት

መጀመሪያ ወደ ሐኪሜ ሄድኩ። አልተደሰተችም። እ.ኤ.አ. በጥር 2019 የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል በቲዋና ቀዶ ሕክምና አድርገው ከተመለሱ ሰዎች አንዳንዶቹ ብዙ መድኃኒት የማይበግረው ባክቴሪያ እንደያዛቸው፣ አብዛኞቹም የክብደት ቀዶ ሕክምና ያደረጉ እንደነበሩ ማስጠንቀቁን አስታወሰችኝ። ነገር ግን «ከሄድሽ አይቀር በደንብ ተዘጋጅተሽ ሂጂ» ብላ ረዳችኝ። የእግሬን የደም ሥር በአልትራሳውንድ አስመረመረች፣ የማደንዘዣ ሐኪሟ የጠየቀችውን ደብዳቤ ጻፈች፣ ስመለስም በሳምንቱ ልታየኝ ቀጠሮ ያዘች። ለሌሊቱ የትንፋሽ መቆራረጥ መሣሪያ ታዘዘልኝ። የጨጓራ ባክቴሪያ ተገኘብኝና ታከምኩ።

ባለቤቴ ደግሞ ስለ ቀዳጁ ሐኪም አጣራ። በሜክሲኮ ሐኪም ሁሉ ሴዱላ የሚባል የመንግሥት የሙያ ፈቃድ ቁጥር አለው፤ ማንም ሰው በመንግሥት መዝገብ ሊያየው ይችላል። ለጠቅላላ ሐኪምነትና ለስፔሻሊስትነት የሚሰጠው ቁጥር የተለያየ ስለሆነ ሁለቱንም ጠየቅን። ነገር ቢበላሽ ወደ የትኛው ሆስፒታል እንደምወሰድና ወጪውን ማን እንደሚከፍል በጽሑፍ እንዲሰጡን አደረግን።

ከዚያ እናቴ ጋ ደወልኩ። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። በ1977 ዓ.ም. ወሎ ውስጥ የነበረች ሴት ናት። «ስንቱ የሚበላው አጥቶ አንቺ መብያሽን ልታስቆርጪ?» አለችኝ። ምን ልመልስላት? ስኳሩ ዓይኔንና ኩላሊቴን ሊጎዳው እንደሚችል፣ ለልጆቼ መቆየት እንደምፈልግ ነገርኳት። በማግሥቱ ራሷ ደወለች። «አጥሚት መጠጣት ይፈቀድልሻል?» ነበር ጥያቄዋ። እርቃችንም በዚያ አለቀ።

በመጨረሻ ለሴቶች የጸሎት ኅብረት ተናገርኩ። ሹክሹክታ ጠብቄ ነበር፤ አልቀረልኝምም። ነገር ግን በዚያው ቀን ሦስት እህቶች ለየብቻ ወደ ጎን ስበውኝ ስለ ራሳቸው ጠየቁኝ። አንዷ ቀብድ ከፍላ ቲኬት ቆርጣ ነበር፤ የምታወራው ሰው አልነበራትም። ነርስ የሆነች ሌላዋ እህት ደግሞ ፈቃድ ወስዳ አብራኝ ልትሄድ ቃል ገባች።

ሁለተኛው ጉዞ

እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ስሻገር 98 ኪሎ ነበርኩ። ያችው የማደንዘዣ ሐኪም ደብዳቤውን አንብባ ፈገግ አለች። ቀዶ ሕክምናው አንድ ሰዓት ገደማ ፈጀ። ስነቃ አፌ እንደ ጨርቅ ደርቆ፣ ሆዴም ሆነ ትከሻዬ ያመኝ ነበር፤ የትከሻው ሕመም ሆድን ለመንፋት ከሚጠቀሙበት ጋዝ የሚመጣ ነው። ገና ማደንዘዣው ሳይለቀኝ «ተነሽና ሂጂ» አሉኝ። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ትልቁ መድኃኒት እግር ነውና።

ያን ሌሊት ኮሪደሩን ብታዩት! ስምንት ሴቶች የግሉኮስ መስቀያቸውን እየገፋን ከጫፍ ጫፍ እንመላለሳለን። ማንም ሌላዋን አታውቃትም፤ ስንተላለፍ ግን «ስንት ዙር ሆነልሽ?» እንባባላለን። በሦስተኛው ቀን ከሆስፒታል ወጥቼ ከነርሷ እህቴ ጋር ቀስ እያልን ከሆቴላችን እስከ ባህል ማዕከሉ ሄድን። እ.ኤ.አ. በ1982 የተከፈተ ነው። ትልቅ ድቡልቡል ሕንፃ ስላለው የከተማው ሰው «ኳሷ» ይለዋል። በአደባባዩ ላይ ቤተሰቦች ተቀምጠው ይበላሉ፤ የተጠበሰ በቆሎ ይሸታል። እኔ በትንሽ ኩባያ ውኃ ፉት እላለሁ። አለመራቤ ገረመኝ። ዓይኔ ግን ያንን ወጣት ይፈልግ ነበር፤ አላገኘሁትም። እስከ ዛሬ በጸሎት አስበዋለሁ።

ስንመለስ ሆስፒታሉ ለሕክምና ተጓዦች የሚሰጠውን የመኪና ማለፊያ ወረቀት ስለሰጠን ረጅሙን ሰልፍ አልተሰለፍንም። የቀዶ ሕክምናው ሙሉ ሪፖርት በእንግሊዝኛ ተጽፎ በእጄ ነበር፤ በሳምንቱ ለሐኪሜ አስረከብኳት። ደም የሚያቀጥነውን መርፌ ሆዴ ላይ ለአራት ሳምንት ራሴ ወጋሁ።

ከዚያ በኋላ

ወጪው ከተነገረኝ ዋጋ በላይ መሆኑን ልንገራችሁ። ምርመራው፣ የእህቴ ሆቴል፣ መድኃኒቱ፣ ቪታሚኑና የክትትሉ ክፍያ ተደምሮ 7,400 ዶላር ደረሰ። ጌታ ግንብ ሊሠራ ስላሰበው ሰው ያስተማረውን አስታውሱ፤ ተቀምጦ ወጪውን መቁጠር ይቀድማል።

መጀመሪያ ውኃና የተጠለለ መረቅ፣ ቀጥሎ ቀጠን ያለ አጥሚትና እርጎ፣ ከዚያ የላመ ምግብ፣ ከአንድ ወር በኋላ ለስላሳ እንቁላልና ዓሣ። እንጀራና ዳቦ በመጀመሪያዎቹ ወራት ይከብዳሉ፤ አንድ ጉርሻ ሲበዛ ደረት ላይ ይቆማል። በቀን ቢያንስ 60 ግራም ፕሮቲን ያስፈልጋል። ስለዚህ ከገበታ ላይ መጀመሪያ የሚነሣው አይቡ፣ ዓሣው ወይም ዶሮው ነው። ምግብና ውኃ አብሮ አይወሰድም። ቡናዬን ለሳምንታት ተውኩ፤ ይህ ከቀዶ ሕክምናው ይልቅ ከብዶኝ ነበር ብል አላጋነንኩም። በአራተኛው ወር ጸጉሬ ረገፈ፣ በኋላ ተመለሰ። ቃር ግን አልለቀቀኝም፤ ስሊቭ ቃርን ሊያብስ ይችላልና አስቀድማችሁ ቃር ያለባችሁ ስለ ሌላው ዓይነት፣ ስለ ባይፓስ፣ ጠይቁ። ቢ12፣ ብረት፣ ካልሲየምና ቪታሚን ዲን ጨምሮ የታዘዙልኝን ቪታሚኖች ዕድሜ ልኬን እወስዳለሁ፤ ደሜም በየጊዜው ይመረመራል።

በዓመቱ 77 ኪሎ ሆንኩ። የስኳር መድኃኒቴ ከሦስት ወደ አንድ ወረደ። ደረጃ እወጣለሁ፤ ባለቤቴም ሌሊት ይተኛል። «በሞቴ!» ሲሉኝ «ሐኪም አዞኝ ነው» ብዬ አንድ ጉርሻ እቀበላለሁ። ማንም አልተቀየመኝም። ለካስ ያን ሁሉ ዓመት የፈራሁት ያልነበረ ነገር ኖሯል።

ለመሄድ ለምታስቡ

ወደ ቲዋናም ሆነ ከአዲስ አበባ ወደ ኢስታንቡል ወይም ወደ ዴልሂ ለመሄድ የምታስቡ ወገኖቼ፣ የሚከተለውን ልብ በሉ።

በቅጹ ላይ እውነቱን ጻፉ። ቅጹ የተዘጋጀው እናንተን ለማትረፍ እንጂ ለመከልከል አይደለም።

ከመሄዳችሁ በፊት ስትመለሱ የሚከታተላችሁን ሐኪም አግኙ። አብሯችሁ የሚሄድ ሰውም ይኑር። የቀዶ ሕክምናውን ሪፖርት ሳትይዙ አትመለሱ።

ከሩቅ አገር የምትሄዱ፣ ለብዙ ሰዓት በአውሮፕላን መቀመጥ ደም እንዲረጋ ያደርጋልና ሐኪሙ ሳይፈቅድላችሁ ለመብረር አትቸኩሉ። ቲኬቱን የመመለሻ ቀኑ ሊለወጥ በሚችልበት ሁኔታ ግዙ።

ከተመለሳችሁ በኋላ ትኩሳት፣ የልብ ምት መፍጠን፣ እየባሰ የሚሄድ የሆድ ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም የእግር እብጠት ካያችሁ እስከ ነገ አትጠብቁ። በተሰፋው ጨጓራ በኩል ማፍሰስ ወይም የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል በቶሎ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱና ምን እንዳደረጋችሁ ተናገሩ። አፍረው ዝም ያሉ ሰዎች ሐኪሙን ያሳስቱታል።

ልጅ መውለድ የምትፈልጉ እህቶች ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ከአንድ ዓመት እስከ አንድ ዓመት ተኩል እንድትቆዩ ይመከራል። ክብደት ሲቀንስ ማርገዝ ስለሚቀል ጥንቃቄ አድርጉ።

ያለ ውኃ የምትጾሙ ደግሞ ሐኪማችሁን ሳትጠይቁ አትጀምሩ። ትንሹ ጨጓራ በአንድ ጊዜ ብዙ ውኃ ስለማይቀበል ሰውነት ቶሎ ይደርቃል።

አሜሪካ የምትኖሩና የጥገኝነት ጉዳያችሁ ያልተወሰነላችሁ፣ ጠበቃ ሳታማክሩ ድንበር አትሻገሩ። ወጥቶ መመለስ ላይቻል ይችላል።

ወገኖቼ፣ ሁላችሁም ሂዱ እያልኩ አይደለም፤ ለብዙዎቻችሁ መርፌው ወይም ሌላ መንገድ ይበቃ ይሆናል። ነገር ግን ለመሄድ ከወሰናችሁ ተደብቃችሁ አትሂዱ። ዛሬ ማታ ለአንድ ለምታምኑት ሰው ተናገሩ፤ ነገ ደግሞ ለሐኪማችሁ። ከዚያም በጉባኤያችሁ መካከል ስለ ክብደቷ የሚቀለድባት እህት ካለች፣ ቀልዱን ትታችሁ አጠገቧ ተቀመጡ። ምናልባት ቲኬቱን ቆርጣ የምትነግረው ሰው አጥታ ይሆናል።